የድረ ገጽን ጽሑፍ ጠብቆ ስለ ማቆየት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ የሥራው ቅደም ተከተል እንዴት እንደ ተገለጸም ልብ በሉ።

በድረ ገጽ የወጣ ጽሑፍ በብራና እንደ ተጻፈ አይጸናም፤ ባለቤቱ ሲሻ ይለውጠዋል፤ ሲሻም ያጠፋዋል። ስለዚህ ጠቃሚ ገጽ ያገኘ ሰው በፒዲኤፍ ቢያስቀምጠው ይበጀዋል። ፒዲኤፍ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የገጹን መልክ እንዳለ ጠብቆ የሚያቆይ የሰነድ ዓይነት ነው። አንዱን ገጽ በእጅ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ መቶውን ማስቀመጥ ግን ያታክታል። ክሮም የተባለው ብራውዘር ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ መስኮት ሳይከፍት በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ይህን ይፈጽማል። በመጀመሪያ የገጾቹ አድራሻ በአንድ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ይጻፋል፤ ቀጥሎ አድራሻዎቹን ተራ በተራ እያነበበ ብራውዘሩን የሚያዝ አጭር ፕሮግራም ይዘጋጃል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ሰነድ ቀኑን የያዘ ስም ይሰጣል፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ በየሌሊቱ በተወሰነ ሰዓት እንዲሠራ ይደረጋል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም፤ ገጹ ተሟልቶ ሳይቀርብ ቢያስቀምጠው ባዶ ወረቀት ይቀራል። ስለሆነም የተቀመጠውን ከፍቶ መመርመር የሰው ፈንታ ነው።

መልመጃ

1. ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት ከምንባቡ አውጡ።
2. ‹‹ይጻፋል››፣ ‹‹ይዘጋጃል››፣ ‹‹ይሰጣል›› የሚሉትን ተደራጊ ግሶች ወደ አድራጊ ለውጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
3. የምታውቁትን አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ አንቀጽ ግለጹ።