የልብዎን ድለቃ ሌላ ሰው አይሰማውም

የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ጥሩ ሐሳብ ይመጣልዎታል። እጅ ላውጣ ሲሉ ግን ልብዎ መደለቅ ይጀምራል፤ አፍዎ ይደርቃል፤ መዳፍዎን ያልብዎታል። «እስካሁን ሁሉም ነቅቶብኛል» ብለው ሲያስቡ ስብሰባው ያልቃል። ማታ ቤት ሲገቡ ያንኑ ሐሳብ ለባለቤትዎ አሳምረው ይናገሩታል።

ስለዚህ የጠፋው የመናገር ችሎታ አይደለም። ብዙ ዓይን ሲያርፍብን አካላችን አደጋ እንደመጣበት ሁሉ ይሰናዳል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ምራቅ ይቀንሳል፤ ጣት ይንቀጠቀጣል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚበጅ ዝግጅት ነው። ችግሩ፣ እኛ የምንፈልገው ቆመን መናገር መሆኑ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጭንቀቱን የሚያባብሰው «ሰው አየብኝ» የሚለው ሐሳብ ነው። ያዩብኛል ብለን እንጨነቃለን፤ ስለተጨነቅን ደግሞ ይበልጥ የሚያዩብን ይመስለናል። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ንግግር አስደርገው ነበር። አንዳንዶቹ መጨነቅ ያለ ነገር እንደሆነና እንዳያሳስባቸው ብቻ ተነገራቸው። ለሌሎቹ ግን ጭንቀታቸው እነሱ የሚያስቡትን ያህል በሰው ዘንድ እንደማይታይ ተገለጠላቸው። የተሻለ የተናገሩት እነዚህኞቹ ሆኑ፤ ራሳቸውም ተመልካቾቻቸውም በዚህ ተስማሙ። «አይዞህ» ብቻውን ብዙ እንደማይረዳ ከዚህ እማራለሁ። እኔ ራሴ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከስንት ስብሰባ ዝም ብዬ ባልወጣሁ!

የሚያዳምጥዎ ሰው የልብዎን ምት አይሰማም፤ የሚያየው የቆመ ሰው ብቻ ነው። ለእርስዎ ዘመን የሚመስልዎት ዝምታም ለእሱ ትንፋሽ መውሰጃ ነው።

ታዲያ ይህን ማወቅ ልምምድን አይተካም። የቅኔ ቤት ሥርዓት እዚህ ላይ ጥሩ አስተማሪ ነው። ተማሪው ጉባኤ ቃና በተባለው ባለ 2 ቤት (ስንኝ) ቅኔ ይጀምራል፤ ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ ይመለሳል። እየቆየ ነው ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው። ማንም በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይጠይቀውም። እኛ ግን ሰው ፊት አንድ ቃል ተናግረን ሳናውቅ በሠርግ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ ቀን ረጅም ንግግር ከራሳችን እንጠብቃለን።

እርስዎም ከሁለት ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ የሌላውን ሐሳብ ደግፈው ምክንያትዎን ይናገሩ፤ ወይም አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። ረጅም ንግግር ሲመጣም ሁሉንም በቃል መያዝን አልመክርም፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ቀሪውን ይዞት ይሄዳል። መክፈቻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን ድምፅዎን አውጥተው፣ ቆመው፣ እንደ ስምዎ እስኪለምዷቸው ይበሏቸው። ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከመጀመርዎ በፊትና በመክፈቻው ላይ ነውና ያቺን ሰዓት ያሻግሩዎታል። ከመነሳትዎ በፊት አየሩን ቀስ ብለው፣ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝመው ያስወጡት፤ የልብ ምት ረገብ ይላል።

ተናግረው ሲቀመጡም ልብዎ ወዲያው ላይሰክን ይችላል። አድሬናሊኑ ከደምዎ እስኪቀንስ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። እስከዚያ ጸሐፊው ሐሳብዎን በቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፍራል።