የነፃነት ትምህርት በማን ቋንቋ?

ስለ ፓውሎ ፍሬሬ ስንማር ብዙ ጊዜ የሚነገረን ዘዴው ነው፤ ዘዴው የተሰናከለበት አገር አይነሳም። ለእኛ ለዕጩ መምህራን ግን ይኸኛው ሳይጠቅመን አይቀርም። አገሪቱ ጊኒ ቢሳው ናት (ዓመቶቿን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)።

የአሚልካር ካብራል ድርጅት ከ1963 ጀምሮ የፖርቱጋልን ቅኝ አገዛዝ በመሣሪያ ሲፋለም፣ ነፃ ባወጣው መሬት ጫካ ውስጥ ትምህርት ቤት ይከፍት ነበር። ካብራል በ1973 ተገደለ። ፖርቱጋል በ1974 ነፃነቷን ስታውቅላት አብዛኛው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። አዲሱ መንግሥትም በ1975 ብራዚላዊውን ፍሬሬን ጋበዘ። የፍሬሬ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ጎልማሳ ተማሪ እህል የሚገለበጥበት ባዶ ጎተራ አይደለም፤ ከገዛ ኑሮው በወጣ ቃል እየተወያየ ፊደል ይቁጠር።

ታዲያ ያ ቃል የተጻፈው በፖርቱጋልኛ ነበር! ገበሬው ስለ ሩዝ ማሳው በክሪዮል ወይም በባላንታ ያወጋል፤ ደብተሩን ሲከፍት ግን ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ የገዢዎች ቃል ይጠብቀዋል። ልብ በሉ፣ በክፋት የተደረገ አልነበረም። ክሪዮል ሁሉም የተስማማበት አጻጻፍ አልነበረውም፤ አገሪቱ ትንሽ፣ ቋንቋዋ ብዙ ነው፤ ካብራል ራሱ ፖርቱጋልኛን እንደ መሣሪያ እንጠቀምበት ባይ ነበር። ምክንያቱ ይገባናል። ሸክሙ ያረፈው ግን በተማሪው ጫንቃ ላይ ነው። ዘመቻው የታሰበውን ያህል አልሠመረም። ፍሬሬም በ1977 ለትምህርት ኮሚሽነሩ በላከው ደብዳቤ ይህንኑ የቋንቋ ጉዳይ አንስቶ፣ ክሪዮል የጽሑፍ ቋንቋ እንዲሆን ተከራክሯል።

በእኛ አገር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነስቶ ኋላ 15 ደርሷል። ታዲያ ነገሩ ለእኛ ያለቀለት ነው? እንዲያው ቀላል አድርገን እንዳናየው፣ በማስተማር ልምምዳችን ያጋጠመንን እናንሳ። ስለ አፈር መሸርሸር ስናስተምር አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ ተጠይቃ አንድም ቃል አልወጣትም። የቤቷ ቋንቋ የክፍሉ ቋንቋ አይደለም። በዕረፍት ሰዓት ግን ከጓደኛዋ ጋር በራሷ ቋንቋ ስታወራ ደረስን። ጓደኛዋ እያስተረጎመችልን ጠየቅናት። አባቷ እርከን እንዴት እንደሚሠራ፣ ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚሰብረው ሁሉ በእጇ ጭምር እያሳየች ነገረችን።

በመዝገባችን ላይ «ተሳትፎዋ ዝቅተኛ» ብለን ጽፈን ነበር።