ቅልና የውሃ ሞተር

ደረቅ ቅል ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። በእጃችን ብንጫነው ተመልሶ ሽቅብ ይገፋናል። ድንጋይ ግን ይሰጥማል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ይኸው የቅል ጠባይ ሞተርን ሲያዝ እስቲ እንይ።

ባስተማርንበት መንደር የኤሌክትሪክ ሞተር ውሃ ከጉድጓድ እየሳበ ታንከር ይሞላ ነበር። አንድ ሌሊት ሞተሩ ሳይጠፋ አደረ። ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ዙሪያው ጭቃ ሆነ። ጉድጓዱም ደረቀ። ሞተሩ ያለ ውሃ ሲዞር ግሎ ተቃጠለ። እናቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ተመለሱ። ሰው ሁሉ «ዘበኛው ተኝተው ነው» አለ። እኛም አልን።

ሞተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ግን ተንሳፋፊ ነው። ተንሳፋፊው ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ አየር ስላለ እንደ ቅል ይንሳፈፋል። በውስጡም ትንሽ የብረት ኳስ አለች። ተንሳፋፊው በኤሌክትሪክ ሽቦው ታንከሩ ውስጥ ይንጠለጠላል። ውሃው ሲጎድል ወደ ታች ያዘነብላል፤ ኳሷ ተንከባልላ ማብሪያውን ትጫናለች፤ ሞተሩ ይነሳል። ውሃው ሲሞላ ሽቅብ ይነሳል፤ ኳሷ ትመለሳለች፤ ሞተሩ ይጠፋል።

ሽቦው እንደ ፍየል ገመድ ነው። ገመዱ ሲረዝም ፍየሏ ርቃ ትግጣለች። ሽቦውም ሲረዝም ሞተሩ የሚነሳው ውሃው ብዙ ጎድሎ፣ የሚጠፋውም ብዙ ሞልቶ ነው። በጣም ካጠረ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሳና እየጠፋ ይጎዳል።

ታንከሩን ከፍተን ስናይ ሽቦው ቧንቧ ላይ ተጠምጥሞ ተንሳፋፊውን ወደ ታች ይዞታል። ውሃው ቢሞላም ተንሳፋፊው መነሳት አልቻለም። ለካ ጥፋቱ የዘበኛው አልነበረም! «አባባ፣ ይቅር ይበሉን» አልናቸው።

ታዲያ ምን ይበጃል?

1. ተንሳፋፊው ከቧንቧና ከግድግዳ ርቆ ይታሰር።
2. ጉድጓዱ ውስጥም ሌላ ተንሳፋፊ ይግባ። ይህኛው በተቃራኒው ውሃ ሲጎድል ሞተሩን ያጠፋል።
3. ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ውሃ ከገባበት ይሰጥማልና ይለወጥ።
4. ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ማንም አይንካው።

ጥያቄ

1. ውሃ ሲሞላ ኳሷ ምን ትሆናለች?
2. ሞተሩ ለምን ተቃጠለ?
3. ሰውን ከመውቀሳችን በፊት ምን ማየት ነበረብን?