የፎቅ ቤት የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለ መዛባቱና ስለ መከላከያው

ከመቱ አጠገብ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ሥራውን ሲጀምር ጠቅላላ ኃይሉ 5 ሜጋዋት ነበር። በዚያን ዘመን የመቱና የጎሬ ነጋዴ ኮረንቲ የሚፈልገው ይበልጡን ለአምፖልና ለጥቂት ሞተሮች ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ፎቅ ውስጥ ኮምፒዩተር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ ዩፒኤስና የባትሪ ቻርጀር ይከማቻል። እነዚህ ዕቃዎች ኮረንቲን እንደ አሮጌው አምፖል በለሰለሰ ሞገድ አይስቡም፤ በየሞገዱ ጫፍ ላይ በቅጽበት ይመነትፉታል እንጂ። ስለዚህም በመደበኛው 50 ኸርዝ ላይ የ150፣ የ250 እና የ350 ኸርዝ ሞገዶች ይደረቡበታል። ባለሙያዎች ሃርሞኒክ የሚሏቸው እነዚህን ነው።

የሕንፃ ባለቤት አስቀድሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የ150 ኸርዙ ነው። በሦስት ፌዝ በሚሠራ ቤት ጭነቱ እኩል ከተከፈለ፣ የሦስቱ ፌዞች መደበኛ ኮረንቲ በኒውትራሉ ሽቦ ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል። የ150 ኸርዙ ግን ከሦስቱም ፌዞች በአንድነት ስለሚደርስ ይደመራል። በየፌዙ 60 አምፔር መደበኛ ኮረንቲና 20 አምፔር የ150 ኸርዝ ኮረንቲ ቢኖር፣ ባዶ ነው የሚባለው ኒውትራል 60 አምፔር ይሸከማል። ኒውትራሉን ከፌዞቹ ማቅጠን ደግሞ የቆየ ልማድ ነው፤ ብሬከርም ብዙውን ጊዜ አይደረግለትም። ስለዚህ ሽቦው ሲግል የሚያቋርጠው የለም፤ ልባሱ ቀልጦ እሳት ሊነሣና ዕቃ የሞላበት መደብር በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል።

መድኃኒቱ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። አዲስ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ኒውትራሉን ከፌዞቹ እኩል፣ የኮምፒዩተርና የአምፖል ጭነት በሚበዛበትም ወፍራም አድርጎ ያዝረጋ። ኮምፒዩተሮቹና ከባድ ሞተሮቹም ከማከፋፈያው ሳጥን ጀምሮ በተለያየ መስመር ይሂዱ።

ፍጆታ ይቀንሳል እየተባለ ስለሚሸጠው ካፓሲተር ጥንቃቄ ያሻል። ካፓሲተሩ ከትራንስፎርመሩ ጋር ተጣምሮ ከሃርሞኒኮቹ በአንዱ ላይ ቢያስተጋባ፣ ያንኑ ሞገድ ያገንነዋል፤ ራሱም አብጦ ይፈነዳል። ይህን የሚከላከለው ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ የሚገጠም ሪአክተር ነው። ባለ 7 ከመቶው ለ250 ኸርዝና ከዚያ በላይ ላለው ይበቃል፤ የ150 ኸርዙ በሚበረታበት ቤት ግን ባለ 14 ከመቶው ይመረጣል።

ለቡና መቀሸሪያ ሞተር የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚያስመጣ ነጋዴም፣ ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሆነ የመስመር ሪአክተር አብሮ እንዲመጣ በፕሮፎርማው ላይ ያስጽፍ። ሻጩ ካልተጠየቀ ላያነሣው ይችላል።

ከግዢ በፊት ግን ልኬት ይቅደም። ተራው መለኪያ በተዛባ ሞገድ ላይ አሳንሶ ሊያነብ ስለሚችል፣ ባለሙያው እውነተኛ አርኤምኤስ የሚያነብ ክላምፕ ሜትር ይዞ ገበያው በደራበት ሰዓት ኒውትራሉን ይለካ። የሞገዱን መዛባት በመቶኛ የሚያሳየው ግን የኃይል ጥራት መመርመሪያው ነው። አይኢኢኢ 519 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. እትሙ ከ1000 ቮልት በማይበልጥ መስመር ላይ የፈቀደው ጠቅላላ የቮልቴጅ መዛባት 8 ከመቶ ነው።