ስለ ቤት ዶሮዎች ማደሪያ፥ ስለ ውሃቸውና ስለ ታቃፊ ዶሮ አያያዝ

በአቃቂ ቃሊቲ ዶሮ የሚጮኽበት ግቢ ብዙ ነው። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዶሮ ማደል ከሹማምንት ሥራ አንዱ ሆኗል። ነገር ግን ዶሮ ማደል ሌላ ነው፥ የታደለችውን ማቆየት ሌላ ነው። በመዝገብ የሚጻፈው የታደለው ቍጥር ነውና፥ ከስድስት ወር በኋላ በቆጡ ላይ የቀረውን መቍጠር የወረዳው ሹም ፈንታ ነው። ስለዚህ ዶሮው ከመታደሉ በፊት በግቢው ውስጥ ሦስት ነገር መመርመር ይገባል፤ ይኸውም ማደሪያው፥ ውሃውና ዘር የምትተካው ታቃፊ ዶሮ ነው።

የአቃቂ ሜዳ አብዛኛው ጥቍር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ግን ውሃ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ በሌላ አገር የሚበቃው የአፈር ወለል በዚህ አይበቃም። ማደሪያው ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት እግር ላይ ቢቆም እጅግ መልካም ነው፤ ይህ ባይቻል ወለሉ በድንጋይና በጠጠር ከፍ ይበል። ጫጩት የሚፈጀው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚበረታው በርጥብ ጭድ ላይ ነውና፥ የረጠበው ጭድ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። በአንድ ሜትር ካሬ ከ5 ዶሮ በላይ አይደር፤ በቆጡም ላይ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ይሰጣት። መስኮቱ ከቆጡ በላይ ሆኖ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ነፋሱ ከራሳቸው በላይ ያልፋል፥ ሸለምጥማጥም አይገባም። ዶሮን ከሰው ጋራ በአንድ ቤት ማሳደር ከሌባ ቢያድን እንኳ ለሕፃናት ጤና አይበጅም።

ስለ ውሃ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የእንቁላል አስኳልና ነጭ ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነውና፥ የተጠማች ዶሮ እህል ብትጠግብም እንኳ አትጥልም። ለ10 ዶሮ በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል፤ በሙቀት ጊዜም ይጨመራል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ ለብዙ ዘመን የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ዝቃጭ ሲሸከሙ የኖሩ ወንዞች ስለ ሆኑ፥ ውሃቸው ለዶሮ መጠጥ አይሁን። የቧንቧ ወይም የንጹሕ ጕድጓድ ውሃ ይሰጣቸው። የውሃው ዕቃ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፥ በየቀኑም ይታጠብ። ለጫጩቶች በሳሕኑ ውስጥ ጠጠር ቢደረግ ሰጥመው አይሞቱም።

ከሁሉ የተናቀችው ታቃፊዋ ዶሮ ናት። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ለእንቁላል የተመረጡት እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ግን በመልካም አያያዝ ከ250 በላይ ይጥላሉ። ታዲያ እነዚህ መታቀፍን ከዘራቸው ያጡ ናቸውና፥ ባረጁ ጊዜ ባለቤቱ እንደ ገና ገዝቶ ካልተካ ግቢው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በየግቢው አንዲት ሁለት የአገር ዶሮ እንድትቀር ማድረግ ያስፈልጋል። አውራ ዶሮ ካለ የድቅሎቹን እንቁላል እርስዋ ትፈለፍላለች፤ የሚፈለፈለው ግን እንደ እናቱ አይጥልምና፥ ይህን ሳይነግሩ ሕዝቡን ተስፋ ማስደረግ አይገባም።

ለመታቀፍ ከ7 ቀን ያልበለጠው፥ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ እንቁላል ከ10 እስከ 12 ተመርጦ በመሸ ጊዜ ይግባላት። ጎጆዋ በጨለማ ጥግ ይሁን፤ ከጤፍ ጭዱ በታች አመድ ቢነሰነስ ቅማል ይከለክላል። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በጧፍ ወይም በባትሪ ብርሃን አንጻር ቢያዩት፥ ሕይወት ያለው የደም ሥር ያሳያል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ይውጣ። እህልና ውሃ በአጠገቧ ይኑር፤ በቀን አንድ ጊዜ ስትነሣ ርቃ ከሄደች እንቁላሉ ይበርዳልና። ከ18ኛው ቀን በኋላ አትነካ፤ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በሐምሌና በነሐሴ ዝናም እንዳይወጡ፥ ከሰኔ መጀመሪያ አንሥቶ እንቁላል ማግባት ይቅር።

መታቀፏ የማይፈለግ እንደ ሆነ፥ ቍልቍል መስቀል፥ ላባ በአፍንጫዋ መሰካት፥ ወደ ጎረቤት መስደድ በየመንደሩ የተለመደ ነው። መስቀልና መሰካት ማሠቃየት ብቻ ነው። ወለሉ ፍርግርግ በሆነ፥ ነፋስ ከሥሩ በሚገባው ሣጥን ውስጥ ምግቧንና ውሃዋን እያገኘች 3 ወይም 4 ቀን ብትቀመጥ ደረቷ ይበርድና መታቀፉን ትተዋለች።

ጫጩት የሚያልቀው ይበልጡን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። እናቲቱ ከነልጆቿ በተከደነ ስፍራ ብትጠበቅ ጭልፊት አያገኛቸውም፤ ፈንግልን ግን የሚከለክለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ከአቃቂ ብዙ በማይርቀው በቢሾፍቱ ይሠራል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥም አለ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ቀኑን ቈርጦ መንደሩን በአንድነት ቢያስከትብ መልካም ነው፤ ከከተማ ገበያ የሚመለስ ዶሮ በሽታውን ያስገባልና። በበዓል ሰሞን ሳትሸጥ የተመለሰች ወይም አዲስ የተገዛች ዶሮ ከሌሎቹ ተለይታ 14 ቀን ትቈይ፤ የውሃ ዕቃዋም ለብቻው ይሁን።