በእንቅልፍ ልብ የሚጮኹ ሕፃናት
ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተዘጋጀ ትምህርት



በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ስለ ሕፃናት ጤና በተነጋገርን ቁጥር እናቶች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው በጉባኤ መካከል አይቀርብም። ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለንስሐ አባት ይነገራል፦ «አባቴ፣ ልጄ ሌሊት ዐይኑን አፍጥጦ ይጮኻል። ብጠራው አያውቀኝም። ሲነጋ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይጫወታል። ምን ነካብኝ?»

የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ ከካህኑ አፍ የሚወጣ ነው። ያ መልስ ልጁ በቤቱ እንዴት እንደሚታይ፣ ጎረቤት ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ አንዳንድ ጊዜም በጊዜ ሕክምና ማግኘት አለማግኘቱን ይወስናል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀውም ጥያቄው ሲመጣ የምንመልሰውን አስቀድመን እንድናውቅ ነው።

የሌሊት ብርገጋ ምንድን ነው?

የጤና ባለሙያዎች የሌሊት ሽብር የሚሉትን ይህን ሁኔታ በአገራችን አነጋገር የሌሊት ብርገጋ ብንለው ይበልጥ ይገልጠዋል። በብዛት የሚታየው ከ3 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ያነሱ ሕፃናትንም ያገኛቸዋል። ልጁ ከተኛ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገት ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ይጮኻል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ልቡ በኃይል ይመታል። ዐይኑ ተከፍቷል፤ እናቱን ግን አይለይም። ሊያቅፉት ሲሞክሩ ይገፈትራል። ጥቂት ደቂቃዎች ወይም ሩብ ሰዓት ያህል፣ አልፎ አልፎም እስከ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ራሱ ጋደም ይልና እንቅልፉን ይቀጥላል። ጠዋት ቢጠየቅ የሚያስታውሰው የለም።

ምክንያቱ በእንቅልፍ ጠባይ ውስጥ ነው። እንቅልፍ ከምሽት እስከ ንጋት አንድ ዓይነት አይደለም፤ በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ከባድ እንቅልፍ ይበዛል፤ ወደ ንጋት ግድም ደግሞ ሕልም ይበዛል። አእምሮ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ሲሻገር በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ሽግግሩ ሳይታወቅ ያልፋል። የሕፃን እንቅልፍ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ አእምሮውም ገና በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ በሽግግሩ ጊዜ ከፊሉ ይነቃና ከፊሉ እንደ ተኛ ይቀራል። የነቃው ክፍል ያስጮኸዋል፣ ያስሮጠዋል፤ የማሰብና የማስታወስ ሥራ ያለው ክፍል ግን ተኝቷል። በእንቅልፍ ልብ ተነሥቶ መሄድም የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ነገሩ በዘር የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አያቲቱን ብትጠይቁ «አባቱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። ልጁ ሲያድግ፣ በአብዛኛው ወደ ጉርምስና ሲደርስ፣ ይተወዋል።

ቅዠት ከዚህ ይለያል። ቅዠት የሚመጣው ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ልጁ ፈርቶ ፈጽሞ ይነቃል፤ እናቱን ያውቃታል፤ ይጠመጠምባታል፤ ያየውን ይናገራል፤ ተመልሶ መተኛትም ይፈራል። በቅዠት ልጁ ይሠቃያል፤ በብርገጋ ግን ይበልጥ የሚጨነቁት የሚያዩት ወላጆቹ ናቸው። ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው ርዳታቸው ስለሚለያይ ነው፤ የቃዠውን ልጅ አንቅቶ፣ አቅፎ፣ አነጋግሮ ማጽናናት ይገባል፤ የበረገገውን ግን ማንቃት አይገባም።

ምን ይቀሰቅሰዋል?

ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ቀዳሚው የእንቅልፍ ማነስ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ይህን ቁጥር ይዘን የገጠሩን ኑሮ እንመልከት። በእነማይም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ጥጃና በግ መጠበቅ ይጀምራል፤ ማለዳ ይቀሰቀሳል። ማታ ደግሞ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እሳቱ፣ ጨዋታው፣ እንግዳውም እዚያው ነው፤ ትልልቆቹ ሳይተኙ ሕፃኑ አይተኛም። በአጨዳና በውቂያ ወቅት፣ በሠርግና በዓመት በዓል ሰሞን ሰዓቱ ይበልጥ ይዛባል። ሰውነቱ የደከመ ሕፃን እንቅልፉ ይከብዳል፤ በከበደ መጠን ብርገጋው ይበዛል። «ደክሞታል፤ ዛሬስ ደኅና ይተኛል» የምንለው ልጅ በዚያው ሌሊት የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ትኩሳት፣ የሞላ ፊኛ፣ የመኝታ ቦታ መለወጥ፣ ድንገተኛ ድምፅ፣ በቤት ውስጥ ያለ ጠብና ሐዘንም ይቀሰቅሱታል። ማታ ቡና ሲፈላ ለሕፃን በረካውን ማቅመስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በረካ ቢቀጥንም ቡና ነው፤ ከቀትር በኋላ ለሕፃን ባይሰጥ ይሻላል።

ድምፅን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ነገር በትሕትና ላሳስብ። የድምፅ ማጉያችንን አቅጣጫና ኃይል አስበንበት እናውቃለንን? ማኅሌቱ ለቆመው ምእመን እንዲሰማ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ከቅጥሩ አልፎ የታመመውንና አራሱን፣ ሕፃኑንም እንዲቀሰቅስ ማድረግ ሌላ ነው። ለውጡ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ በአንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የሚያልቅ ነው።

በዚያች ሰዓት ምን ይደረግ?

ልጁ ሲጮኽ መጀመሪያ የሚመጣልን አንሥቶ መናጥ፣ ስሙን እየጠሩ መጮኽ፣ ውኃ በፊቱ ላይ መርጨት ነው። ይህ ሁሉ ብርገጋውን ያረዝመዋል፤ ልጁም በግድ ከነቃ ግራ ተጋብቶ ይበልጥ ይፈራል። የሚያስፈልገው መጠበቅ ብቻ ነው። ከምድጃው፣ ከበሩ፣ ከመደቡ ጫፍ ይጠበቅ፤ ከፈቀደ በቀስታ ይዳሰስ፤ ዝግ ባለ ድምፅ «አይዞህ» ይባል፤ ካልፈቀደ አጠገቡ መሆን ይበቃል። የብርገጋ ልማድ ያለበት ልጅ በሚተኛበት ቤት ፍሙ በአመድ ይዳፈን፤ በሩ ይቀርቀር፤ ልጁ ከከፍታ ላይ አይተኛ። ለክፉ ነገር መከላከያ ተብሎ ከራስጌ ቢላዋ ወይም ማጭድ የማኖር ልማድ ያለባቸው ቤቶች አሉ፤ በእንቅልፍ ልቡ ለሚወራጭ ሕፃን ይህ ከብርገጋው የከፋ አደጋ ነውና በግልጽ ይነገራቸው። ሲነጋ ደግሞ ታናናሾቹና ታላላቆቹ በተሰበሰቡበት «ሌሊት ምን ሆንህ?» እያሉ ማፋጠጥና መሣቅ ልጁን መኝታ እንዲፈራ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ብርገጋው በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ወላጆች ለጥቂት ሌሊቶች ሰዓቱን ይመዝግቡ። ልጁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ 4 ሰዓት ላይ የሚበረግግ ከሆነ፣ ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አስቀድሞ፣ ማለት 3 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በቀስታ ቀስቀስ ያድርጉት፤ ሽንቱን ያሸኑት፤ መልሰው ያስተኙት። ይህ በየሌሊቱ ሳይቋረጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቢደረግ በብዙ ልጆች ላይ የብርገጋው ልማድ ይሰበራል። ሰዓት ለሌለው ቤት የጎረቤት የእጅ ስልክ ደወል ይበቃል።

ለዘለቄታው የሚጠቅመው ግን በአንድ ሰዓት መተኛት ነው። ሕፃኑ እራቱን ይብላ፣ ሽንቱን ይሽና፣ እግሩን ይታጠብ፣ ከእናቱ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ይድገምና አማትቦ ይተኛ። ቅደም ተከተሉ በየምሽቱ አንድ ሲሆን የልጁ ሰውነት ራሱ መኝታውን ያውቀዋል። አባቶቻችን የንዋም ጸሎትን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ አድርገው ሲሠሩ ለነፍስ ነው፤ ለሥጋም እንደሚጠቅም የሚያየው ያየዋል። «ዝም በል፣ ጅቡ መጣልህ» እያሉ ማስተኛት ግን ይቅር። አያ ጅቦ በቀን ተረት ይጣፍጣል፤ ለመኝታ አይሆንም።

ስለ ልክፍት፣ ስለ ክታብና ስለ ጠበል

ቤተ ክርስቲያናችን የርኩሳን መናፍስትን መኖር ታስተምራለች። ሕፃን ሌሊት በጮኸ ቁጥር ግን «ቡዳ በላው»፣ «ጥላ ወጊ ነው» ማለት ትምህርቷ አይደለም። እንዲህ ያለው ቃል ከካህን አፍ ከወጣ ልጁን ሲከተለው ይኖራል፤ አንዲት ምስኪን ጎረቤትም «በላችው» ተብላ ትጠረጠራለች። ክታብ ጽፈው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ከዚህ ፍርሃት ይጠቀማሉ። ብርገጋው በራሱ ጊዜ ሲተው ምስጋናውን የሚወስደው ክታቡ ነው።

ጠበልና ጸሎት ለእናቲቱም ለልጁም መጽናኛ ናቸው፤ የሚከለክል የለም። ዳሩ ግን የእንቅልፍ ማነስ ያመጣውን ነገር በደጋው ብርድ ሕፃኑን ከንጋት በፊት ቀስቅሰን፣ ሳይበላ፣ ረጅም መንገድ ወስደን እናድነው ማለት እንቅልፉን እንደ ገና መቀነስ ነው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይወሰድ፤ በልቶ ይሂድ። ማሰር፣ መምታት፣ በጭስ ማፈን ግን በሕፃን ላይ በማንም እጅ ሊፈጸም አይገባም። የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ለጠበል ተብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ካህኑ ራሱ ይንገር። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር የሚለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ብርገጋ ያልሆነው

በዚህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና። ትኩሳት ያለው ልጅ ቢያንዘፈዝፈው፣ ራሱን ቢስት፣ የማይያያዝ ነገር ቢናገር ወይም አንገቱ ቢገተር ያ ልጅ ነግቶ የሚጫወት ልጅ አይደለም። ከዓባይ ሸለቆ ወገን ባሉት ቆላማ ቀበሌዎች ወባ አለ፤ ወደ አእምሮ የወጣ ወባና የማጅራት ገትር በሽታ በሰዓታት ውስጥ ይገድላሉ። ለዚህ ልጅ ጸሎቱ በመንገድ ላይ ይደረስለት፤ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ይወሰድ።

የሚጥል በሽታም ሌሊት ሊመጣ ይችላል። መለያው፦ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ አንዳንዴም በቀን ይመጣል፤ አካል ይገተራል ወይም በአንድ ወገን ይንቀጠቀጣል፤ ምላስ ይነከሳል፤ ሽንት ያመልጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው፤ ክብሪት ማሽተት ግን ምንም አይረዳም። ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆም እያለ የሚቀጥል፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅም ይመርመር፤ ያበጠ ቶንሲል ትንፋሹን እየዘጋ እንቅልፉን ያቋርጠዋል፤ ይህ ሲታከም ብርገጋውም ሊተው ይችላል። ይህን ሰምቶ እንጥል ወደሚቆርጥ የመንደር ሰው የሚሮጥ እንዳይኖር አደራ፤ ደም በመፍሰስና በቁስል ልጅ ይሞትበታል። ለማስተኛት ተብሎም የሳል ሽሮፕ ወይም አረቄ ለሕፃን አይሰጥ።

በመጨረሻ ከሁኔታችን ጋር የተያያዘውን ላንሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ተኩስ ሰምተው ያደሩ ሕፃናት ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ፍርሃት ብርገጋን ሊያበዛ ይችላል። አንድ ልጅ ግን ያየውን በሕልሙ ደጋግሞ ካየ፣ ቀንም ከደነገጠ፣ ከጨዋታ ከራቀ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ችግሩ ከብርገጋ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «እርሳው» ማለት አይረዳውም። መናገር ሲፈልግ የሚሰማው ዐዋቂ፣ የማይለወጥ የቀን ሥርዓት፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወትበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይህን ቦታ ሊሰጥ ይችላል። በሳምንታት ካልተሻለው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታስልከው።

የቆሎ ተማሪዎችን ደግሞ ማንም አያስታውሳቸውም። ከእናቱ ተለይቶ የመጣ የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጎጆ ተፋፍጎ ያድራል፤ እስከ ሌሊት ቀለሙን ይቀጽላል፤ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል፤ ቀን ለቁራሽ ይዞራል። ብርገጋን የሚቀሰቅሰው ሁሉ በእርሱ ላይ ተሰብስቧል። ሌሊት ሲጮኽ ጓደኞቹ «ተለክፏል» ይሉታል፤ እርሱም አፍሮ ትምህርቱን ጥሎ ይሄዳል። በምሥራቅ ጎጃም ጉባኤ ቤት ያለው አጥቢያ ሁሉ ከየኔታ ጋር ይነጋገር፤ ለታናናሾቹ የማታው ቀለም ቀደም ብሎ ይለቀቅ፤ ቀን ላይ የሚተኙበት አንድ ሰዓት ይሰጣቸው፤ ከታላላቆቹ አንዱ ሌሊት አጠገባቸው እንዲያድር ይመደብ። ያ ታላቅ ተማሪ ወረቀት ይያዝ፤ ልጁ የተኛበትን ሰዓት፣ የጮኸበትን ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ፣ እጅና እግሩ ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። ስልክ ያለው ካለ ይቅረጽ። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ከሆነ ይህ ወረቀት አብሮት ይሂድ፤ ሐኪሙ በቀን የሚያየው ደኅና ልጅ ነውና ሌሊቱን የሚነግረው ሌላ ነገር የለም።