«ስትረስ» ሁሉ ጭንቀት አይደለም

የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በእንግሊዝኛ በተዘጋጁ የሥነ ልቡና ድጋፍ ቅጾች ላይ የሚገኙትን ተቀራራቢ ቃላት ሁሉ «ጭንቀት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። «ፕሬዠር» እንደ ዕዳና ድርቅ ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው። «ስትረስ» ጫናው አቅምን ሲፈትን በሥጋና በነፍስ የሚፈጠር ውጥረት ሲሆን፣ ጫናው ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል። «አንግዛይቲ» ግን ገና ላልመጣው መሥጋት ነው፤ ምክንያቱ ቢወገድም ሊቀጥል ይችላል።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። የዘር እህል ያጣ ገበሬ «ተጨነቅሁ» ሲል በምክር ብቻ ብንሸኘው ሸክሙ በትከሻው ይቀራል። እህሉ ደርሶትም እንቅልፍ ያጣውን በስንዴ ብቻ አናሳርፈውም። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት፦ «ምን ከበደዎት? ከመቼ ጀምሮ? ሸክሙ ሲቀልልዎት ዕረፍት ያገኛሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በተናጋሪው በራሱ ቃል መዝግቡ።